የማይደርቅ ጋውን

ዶኛ ኦቲሊያን ከአልጋ ማንሣት ዘዴ አለው። እግራቸውን ወደ አልጋው ጠርዝ ማምጣት፣ እጆቻቸውን በአንሺዋ አንገት ዙሪያ ማስጠምጠም፣ ከዚያ ወገባቸውን ይዞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቀጥ ማድረግ። ከሦስት በኋላ፣ ወንበሩ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ባለችው አጭር ጊዜ የአሮጊቷ አፍንጫ አስታማሚያቸው ኔሊዳ ትከሻ ላይ ያርፋል። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው የወደደውን ብቻ ይሰማል፤ አፍንጫቸው ግን ገና ኮረዳ ነው።

“ልጄ” አሉ አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንገቷ ላይ እንደ ተጠመጠሙ፤ “ሌሊቱን ከእርጥብ ውሻ ጋር ነው እንዴ ያደርሽው?”

“ኧረ እኛ ቤት ውሻ የለም፣ ዶኛ ኦቲሊያ።”

“እንግዲያው አንድ ግዙ። ቢያንስ የምታሳብቡበት ታገኛላችሁ።”

ሁለቱም ሳቁ። በሩ ላይ የቆመችው ሴኞራ ማሪሳ፣ የአሮጊቷ ልጅና የቤቱ አስተዳዳሪ፣ አልሳቀችም። ቁርሱ ካለቀ በኋላ ኔሊዳን ኮሪደሩ ላይ ጠራቻትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“ኔሊዳ፣ እንዳትቀየሚኝ። ስለ ንጽሕናሽ አይደለም የማወራው። የሥራ ጋውንሽ ግን... እንዴት ልበልሽ፣ ታፍኖ የከረመ ነገር ይሸታል። እማዬ ሳንባዋ እንደ ድሮው አይደለም። ሐኪሙ ሻጋታ የሚባል ነገር አጠገቧ እንዳይደርስ ብሏል።”

“አጥበዋለሁ ሴኞራ። በየሁለት ቀኑ አጥበዋለሁ።”

“አውቃለሁ።” ሴኞራ ማሪሳ አንገቷን ዳሰስ አደረገች፤ ስትጨነቅ የምታደርገው ነው። “እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ መላ ፈልጊለት። ካልሆነ... እንግዲህ እንነጋገራለን።”

ኔሊዳ ይህ “እንነጋገራለን” ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል። ሊማ ውስጥ አረጋውያን የሚጦሩ ሴቶች ሁሉ እንደሚያውቁት፣ ቤቶቹ የሚፈልጉት አዳሪ ሠራተኛ ነው፤ እሑድ ጠዋት ወጥታ ሰኞ ጠዋት የምትገባ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገብቶ ከምሽቱ አሥራ ሁለት የሚወጣ ሥራ እንደ ነሐሴ ፀሐይ ነው፤ ከወጣም ለአንዱ ብቻ ነው የሚወጣው። ለኔሊዳ ወጥቶላታል። ሌላ ቤት ብትሄድ ግን ማደር አለባት፤ ካደረች እናቷ ብቻዋን ትቀራለች። እናቷ ስኳር አለባት። ባለፈው ዓመት ስኳሯ ወርዶ ምድጃው አጠገብ ወድቃ፣ ያነሣቻት ኔሊዳ ናት፣ ማታ ከሥራ ስትመለስ። ያን ቀን አዳሪ ብትሆን ኖሮ የምታነሣት እሑድ ነበር።

ቤታቸው ኮረብታው ላይ ነው፤ አስፋልቱ ካለቀበት ሁለት መቶ ደረጃ ወጥቶ። ውሃ ማክሰኞና ዓርብ በቦቴ ይመጣና በረጅም ጎማ ተስቦ በርሜል ይሞላል። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ የቆመው ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ነው። ሌላ ቦታ ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ እንግዳ እንዲያየውም ነው። ኔሊዳ የሁለት ዓመት ጥሪቷን አፍስሳ ያመጣችው ቀን፣ እናቷ ኤርሊንዳ በሠላሳ ዓመት የሰው ልብስ እጥበት የተጣመሙ ጣቶቿን ክዳኑ ላይ አሳርፋ አለቀሰች። በማግስቱ ልብስ ሰፋችለት፤ ከላይ አበባ ያለው ጨርቅ፣ ከውስጥ አቧራ የማያሳልፍ ወፍራም ላስቲክ፣ ታች ዙሪያውን ዳንቴል። በዚያ ሠፈር ማሽን ያለው ሁሉ ለማሽኑ ልብስ ያሰፋለታል። ራቁቱን የቆመ ማሽን ያየ ሰው፣ የዚህ ቤት ሴት ምን ነክቷታል ይላል። ስለዚህ እጥበቱ እንዳበቃ ክዳኑ ይከደናል፣ ከላዩ ይወለወላል፣ ልብሱን ይለብሳል፣ ዳንቴሉ እስከ ወለል ይሳባል። ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነው።

ከዚያ ደግሞ ሰማዩ አለ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ሊማ ላይ ፀሐይ የሚወራላት እንጂ የምትታይ አይደለችም። ጉሙ ከባሕር ተነሥቶ ኮረብታው ላይ ይተኛል። ካፊያው ሰው አያበሰብስም፤ ልብስም አያደርቅም። ጣራ ላይ የተሰጣ ጋውን ሦስት ቀን ተንጠልጥሎ ይቆይና ሲያወርዱት ከተሰጣበት ቀን ይልቅ ይከብዳል።

“ማማ፣ እስቲ ይሄን አሽትቺው” አለች ኔሊዳ ያን ማክሰኞ ማታ።

ኤርሊንዳ ጋውኑን ተቀብላ አፍንጫዋን ቀበረችበት። “ምንም አይልም።”

“አንቺ እኮ ያ ወረርሽኝ ማሽተትሽን ከወሰደብሽ ወዲህ ጋዝ ተከፍቶ ቢያድር አይሸትሽም።”

“እና ምን ልበልሽ? ሳይሸተኝ ሸተተኝ ልበልሽ?” ኤርሊንዳ ጋውኑን አጣጠፈችው። “የሴትዮይቱ ቤት ባሕሩ አጠገብ አይደል? ዓሣ ነው የሚሸታቸው።”

“ማማ፣ እኔን ነው እኮ የሚሉት!”

“የእኔ ልጅ አትሸትም።” አሁን ተቆጣች። “ሠላሳ ዓመት የጠበቃ ሸሚዝ፣ የሐኪም ጋውን፣ የሙሽራ ቀሚስ አጥቤያለሁ። አንድ ሰው፣ አንድም ሰው፣ ኤርሊንዳ ያጠበችው ሸተተ ብሎ አያውቅም።”

ኔሊዳ የተጣጠፈውን ጋውን ተቀበለቻት። እንዲህ ከተባለ በኋላ የሚጨመር ነገር የለም።

በዚያው ሳምንት የሰሙትን ሁሉ ሞከሩ። ሎሚ ጨመቁበት። ኮምጣጤ አፈሰሱበት፤ ዶኛ ኦቲሊያም በማግስቱ “ዛሬ ደግሞ ሰላጣ ሆነሽ መጣሽ፤ ዘይቱስ የት አለ?” አሉ። በረኪና ጨመሩ፤ የጋውኑ ሰማያዊ አንገቱ ላይ ነጣ፣ ሽታው ግን ንቅንቅ አላለም። ኤርሊንዳ ደግሞ የልብስ ማለስለሻውን እጥፍ አደረገችው። ለሁለት ሰዓት ያህል ጋውኑ አበባ አበባ አለ። ከዚያ አበባውም አብሮ ሻገተ።

ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት በዚያ ብርድ መስኮት ከፈተች። ምናልባት ሙቀት ነክቷት ይሆናል። ኔሊዳ ግን እስከ መውረጃዋ ድረስ ክንዶቿን ከጎኗ አጣብቃ ተቀመጠች።

እሑድ ዶን አቡንዲዮ መጣ፤ የኮረብታው ማሽን ጠጋኝ ነው። የማሽኑን ልብስ ገፍፎ ወንበር ላይ ሲጥለው ኤርሊንዳ አንሥታ አጣጠፈችው። ዶን አቡንዲዮ ልብሱ ከሚሽከረከርበት ከበሮ ግርጌ ያለችውን ክብ ሳህን ፈትቶ ብድግ ሲያደርጋት፣ ከሥሯ እንደ ገንፎ የረጋ ግራጫ ልቅላቂ ወጣ።

“ዶኛ ኤርሊንዳ፣ ምሳ ሠርተሽ ነው የጠራሽኝ?”

“አፍህን ዝጋና ሥራህን ሥራ።”

“አፌንማ ዘግቻለሁ፤ አፍንጫዬን ነው የቸገረኝ።” በማንኪያ እየዛቀ ባልዲ ሞላ። “ይሄ ሳሙናና ማለስለሻ ነው፤ እርጥበት ታፍኖበት የበሰበሰ። በቃ፣ ማለስለሻውን ተዉት። ሳሙናውን ቀንሱ። ይሄን ካባውን አውልቁለት፣ ክዳኑን ክፍት ተዉትና ይተንፍስ። በብዙ ውሃ ደግሞ አለቅልቁ።”

“ብዙ ውሃ?” አለች ኤርሊንዳ። “ቦቴው የአባትህ ነው?” እሷ እንደ ጎረቤቶቿ ሁሉ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃ ባልዲ ውስጥ አስቀምጣ፣ ለቀጣዩ እጥበት መጀመሪያ ታደርገዋለች። ኮረብታው ላይ ንጹሕ ውሃ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚጠቀም የለም።

“እኔም ቤት እንደዚያው ነው” አለ ዶን አቡንዲዮ።

“ታዲያ ያንተ አይሸትም?”

“ይሸታል እንጂ! ግን ሚስቴ ጥላኝ ከሄደች ወዲህ የሚያሸተኝ የለም።”

ኤርሊንዳ ሳቋን መደበቅ አቃታት። እሱ ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ግን ክዳኑን ከደነች፤ ልብሱን አለበሰች፤ ዳንቴሉን አስተካከለች።

“ማማ! አሁን ምን አለን?”

“አቧራውን አታዪም? ነፋስ በነፈሰ ቁጥር አልጋዬ ላይ ሳይቀር ጣቴ ይጽፍበታል። ሞተሩ ውስጥ ቢገባስ? አንቺ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትለብሺ የገዛሽውን እንደ ባልዲ ክፍት ልተወው?” ቀጥሎ ቀስ ብላ “ደግሞ አፉን ከፍቶ ሲያድር የሞተ ሰው ይመስለኛል” አለች።

ስለ አቧራው እውነቷን ነው። ኔሊዳም ይህን ታውቃለች፤ ያስቸገራትም ይኸው ነው። ጠዋት ስትወጣ ልብሱን ገፍፋ ትሄዳለች፤ ማታ ስትመለስ ለብሶ ታገኘዋለች። አንድ ቀን ልብሱን አጣጥፋ አልጋዋ ሥር ደበቀችው። ያን ማታ ማሽኑን የእናቷ ብርድ ልብስ ለብሶ አገኘችው። ኤርሊንዳ ደግሞ ካፖርቷን ደርባ ተኝታለች። ኔሊዳ ልብሱን ከአልጋው ሥር አውጥታ ራሷ አለበሰችው፤ ብርድ ልብሱንም ለእናቷ አለበሰችና ተኛች።

ዶን አቡንዲዮ ማሽኑን ካጠራ በኋላ ለአምስት ቀን ያህል ጋውኑ ደህና ነበር። በስድስተኛው ቀን ዶኛ ኦቲሊያ ምንም አላሉም፤ ፊታቸውን ብቻ ወደ መስኮቱ አዞሩ። ኔሊዳን ከቀልዳቸው ሁሉ ይልቅ ያ ዝምታ አስደነገጣት።

ሚራፍሎሬስ በሚባለው የባለጸጎች ሠፈር፣ በአሮጊቷ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ማጠቢያና ማድረቂያ ማሽኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። የዶኛ ኦቲሊያን አንሶላ ጠዋት ጠዋት የምታጥበው ኔሊዳ ናት። አንሶላው ከማድረቂያው ሲወጣ ሞቆ፣ ተነፍቶ፣ ከምድጃ የወጣ ዳቦ ይመስላል። የሠራተኛ ልብስ ግን እዚያ አይገባም። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ሳይነገራት ታውቃለች፤ የሠራተኛ ብርጭቆ በታችኛው መደርደሪያ፣ የሠራተኛ መጸዳጃ በጓሮ በኩል እንደሆነ እንደምታውቀው። ወጥ ቤቷ ዶኛ ፌሊሲታስ የራሳቸውን ልብስ የሚያጥቡት ጓሮ ባለው የሲሚንቶ ገንዳ ላይ፣ በእጃቸው ነው። የኔሊዳ ጋውን ደግሞ ለመታጠብ ወደ ኮረብታው ይሄዳል።

በወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ዶኛ ኦቲሊያ እጃቸው ተንቀጥቅጦ የዱባ ሾርባውን ኔሊዳ ላይ ደፉት። ሌላው ጋውኗ ኮረብታው ላይ፣ ገመድ ላይ ነው፤ አልደረቀም። አሮጊቷን አባብላ አስተኛች፣ ሹራቧን ለበሰች፣ የቆሸሸውን አንሶላ ሰብስባ ወደ ማሽኖቹ ክፍል ሄደች። አንሶላውን አስገባች። ጋውኑን በእጇ እንደያዘች ትንሽ ቆመች። ከዚያ እሱንም አስገብታ የማጠቢያውን በር ዘጋችው።

ማድረቂያው ሲቆም ጋውኑን አውጥታ ፊቷን ቀበረችበት። ምንም አይሸትም። ሳሙናም፣ አበባም፣ ውሃም አይሸትም። ምንም አለመሽተት እንዲህ ዓይን የሚያስነባ ነገር መሆኑን አታውቅም ነበር።

“ምን እያደረግሽ ነው፣ አንቺ ልጅ?”

ዶኛ ፌሊሲታስ በሩ ላይ ቆመዋል። እጃቸው ላይ የካሮት ልጣጭ አለ።

“ሾርባ ፈሶብኝ ነው፣ ዶኛ ፌሊሲታስ።”

“ሾርባ በእጅ ሲታጠብ አይለቅም?”

“ይለቃል።”

“ታዲያ?”

“እባክዎ። አንድ ቀን ነው። ሽታው... ያውቁት የለ፣ ሴኞራ ቀን ሰጥታኛለች።”

ዶኛ ፌሊሲታስ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ዘረጉላት። አንጓዎቹ አብጠዋል፤ ቆዳው ተሰነጣጥቋል። “እዚህ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ ብርድ፣ በዚያ ገንዳ። አንድ ቀን፣ አንዲት ካልሲ እንኳ፣ እዚያ ማሽን ውስጥ አላስገባሁም። ማንም ቆሞ አይጠብቀኝም ነበር። ምን ልትዪኝ ነው እንግዲህ? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሞኝ ነበሩ?”

በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። መልሱን የምር የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ኔሊዳ የሞቀውን ጋውን ደረቷ ላይ አጣበቀች። ዶኛ ፌሊሲታስ ትንሽ ጠብቀው ወደ ካሮታቸው ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ አሮጊቷን ስታነሣቸው አፍንጫቸው ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ ከወትሮው ጥቂት ቆየ።

“እሰይ” አሉ። “ውሻው ሞተ?”

“ሞተ፣ ዶኛ ኦቲሊያ።”

“ነፍሱን ይማር። ክፉ አልነበረም።”

ዓርብ ጠዋት ሴኞራ ማሪሳ ሳሎን ጠራቻት፤ ተቀመጪ አለቻት። ተቀመጪ መባል መልካም ምልክት አይደለም።

“ፌሊሲታስ ነግራኛለች። ለምን አልጠየቅሽኝም?”

“ብጠይቅዎ ይፈቅዱልኝ ነበር?”

“አላውቅም” አለች ሴኞራ ማሪሳ። “ልዋሽሽ አልፈልግም፣ አላውቅም። እማዬ እንዲህ ነው ያስለመደችን። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። አሁን ላንቺ ብፈቅድ ደግሞ ያቺን ሴት ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ?”

ኔሊዳ ወለሉን አየች።

“ግን መላ አግኝቼለታለሁ” አለች ሴኞራ ማሪሳ፤ ፊቷ ፈካ አለ። በእርግጥም ሌሊቱን ስታስብበት ያደረች ትመስላለች። “እዚሁ እደሪ። የሠራተኛ ክፍሉ ባዶ ነው፣ ደረቅ ነው፤ ማሞቂያ አስገባልሻለሁ። ጋውንሽን ጓሮ ታጥቢዋለሽ፣ ውስጥ ታሰጪዋለሽ፤ ከቤት አይወጣም። እማዬም ሌሊት ሰው ያስፈልጋት ጀምሯል። ካንቺ ሌላ ሰው አትፈልግም፤ ትናንት ማታ ራሷ ነገረችኝ።”

“እናቴ ብቻዋን ናት ሴኞራ። ስኳር አለባት።”

“እሑድ እሑድ ታያታለሽ። በየቀኑ መደወልም ትችያለሽ።” ሴኞራ ማሪሳ አንገቷን ዳሰሰች። “ኔሊዳ፣ ሌላ የማደርገው ነገር ቢኖር አደርገው ነበር። በዚያ ሽታ መቀጠል ግን አይቻልም፤ ጤናዋ ነው። እምቢ ካልሽ ሰኞ ሌላ ሴት ትመጣለች። እሷም አዳሪ ናት።”

ኔሊዳ ከዚህ ወጥታ የምታንኳኳቸውን በሮች በሐሳቧ አንኳኳች። ሁሉም እደሪ የሚሉ ናቸው። “እሺ” አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

ማታ ደረጃውን ስትወጣ እናቷ በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። ቦቴው በዚያ ቀን አንድ በርሜል ተኩል ቀድቶላት ደስ ብሏታል። ኔሊዳ እስኪበሉ ጠብቃ ነገረቻት።

“ሌሊትም?” አለች ኤርሊንዳ።

“ሌሊትም።”

“እስከ መቼ?”

“አላውቅም ማማ።”

ኤርሊንዳ ወደ ማሽኑ ዞራ ብዙ አየችው። “በእሱ ነው?” አለች።

“አይደለም። አሮጊቷ ሌሊት ሰው ስለሚፈልጉ ነው።”

“እርጅና ነው እንግዲህ” አለች ኤርሊንዳ፤ የተናገረችው ስለ ዶኛ ኦቲሊያ ይመስል ነበር።

ቅዳሜ ማታ ኔሊዳ ጎረቤታቸውን ቴኦፊላን አነጋገረች፤ ጠዋት ጠዋት በራቸውን እንድታንኳኳ ተስማሙ። ይህን ለእናቷ ስትነግራት ኤርሊንዳ ሳቀች።

“አንኳኩታ ካልከፈትኩስ?”

“ትደውልልኛለች።”

“አንቺስ ያኔ ምን ታደርጊያለሽ? ከሚራፍሎሬስ እዚህ ሁለት ሰዓት ነው።”

ኔሊዳ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች።

እሑድ ኤርሊንዳ ማንንም ሳታማክር የኔሊዳን ልብስ በሙሉ ሰብስባ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው። ቀሚሱን፣ ሹራቡን፣ የሌሊት ልብሱን፣ ያን ገመድ ላይ የከረመውን ጋውን ሳይቀር። በዚህ ጊዜ ያደረ ውሃ አልተጠቀመችም፤ ንጹሑን ከበርሜሉ እየቀዳች በባልዲ አፈሰሰችለት፤ ሁለት ጊዜ አለቀለቀችው። በርሜሉ ወደ ግማሹ ወረደ። “የኔማ ሁለት ቀሚስ ናት” አለች ማሽኑ ሲሽከረከር እያየች። “ለሁለት ቀሚስ ማን ማሽን ያስነሣል።” ከዚያ ሁለቱም ጣራው ላይ ወጥተው ሰጡት። ጉሙ ስለ ወረደ የታችኛው ሠፈር አይታይም ነበር።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ልብሱ እንደ እሑዱ እርጥብ ነበር። ኤርሊንዳ ከገመዱ እያወረደች፣ እየጨመቀች፣ በትልቅ ፌስታል ከተተችው፤ ሌላ ፌስታል ደረበችበት፤ አፉን ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

ኔሊዳ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። የእርጥብ ልብስ ሸክም ከባድ ነው፤ የፌስታሉ ማንጠልጠያ ጣቷን ይቆርጣት ጀመር። መቶኛው ደረጃ አካባቢ እጅ ስትቀይር ከላይ ከጉሙ ውስጥ ድምፅ መጣ።

“ኔሊዳ!”

“አቤት ማማ!”

“እንደ ደረስሽ አስጪው! እንዳይሸትብሽ!”

ቀና ብላ አየች። እናቷ አትታይም።

“እሺ ማማ!” አለችና ወረደች።